አራት ሚሊሜትር ተኩል

«ሰርቪሷ ትጽዳ። ያንን ሁሉ ብረት አውጡና አንድ ጥግ ከምሩት፤ ካልሆነም ቆራሌው ይውሰደው» አለ ቶሌሳ፣ ድንኳኑ መሃል ቆሞ።

ኑዕማን ንፍሮውን ወደ አፉ ሊወስድ ያነሳው እጁ ባለበት ቀረ። አጠገቡ የተቀመጡት የእድር ሰዎች ምንም አላስተዋሉም። ለእነሱ የተባለው ነገር ተገቢ ነው። የሟቹ እህቶች ከሰንዳፋ ልብሳቸውን ይዘው ተመልሰው እስከ ሰባተኛው ቀን ከሚስቱ ጋር ይቀመጣሉ፤ ማደሪያ ይፈልጋሉ፤ ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በመጫወቻ ባቡር ተይዛለች። ቶሌሳ የሟቹ የኢዶሳ ታናሽ ወንድም ነው። ከቀብር መልስ ጀምሮ ወንበር የሚያስደረድረውም፣ ድንኳኑ ሲያፈስ ላስቲክ የሚያስወጥረውም እሱ ነው። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ቆፍጣና ሰው ካላገኘ ይበተናል። ስለዚህ ትእዛዙ ማንንም አላስከፋም፣ ከኑዕማን በቀር።

እሱ ደግሞ ምን አፍ አለው? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሆንበታል። ከስድስት ወር በፊት ቢሆን በዚያች ሰርቪስ ከኢዶሳ ቀጥሎ የሚያዝባት እሱ ነበር። አሁን ግን የተጣላ ሰው ነው። ከጥምቀት ማግስት ወዲህ ይህን ግቢ ረግጦት አያውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ኢዶሳ ፊቱን ታጥቦ ወደ ጓሮ ሲሄድ በረንዳው ላይ አረፍ አለ፤ በዚያው አልተነሳም። ኑዕማን ሾላ ገበያ ሱቁ ውስጥ ሆኖ የሰማው በስልክ ነው። ሳይታመም የሞተ ሰው ይቅርታ መጠየቂያ ቀን እንኳ አይሰጥም።

«ሟቹ ምን ይሠሩ ነበር?» ሲል አንድ እንግዳ ለቀስተኛ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ሰማ።

«ምድር ባቡር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ...» ሰውየው ፈገግታውን በመዳፉ ሸፈነ። «ጓሮ ውስጥ ባቡር ይነዱ ነበር።»

ኑዕማን ንፍሮውን ኪሱ ጨመረው።

ኢዶሳ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረው በእግሩ ነው። ሥራው ሐዲድ ማየት ነበር። ከለገሃር ተነስቶ እስከ አቃቂ፣ አንዳንዴም አልፎ፣ የብረት መለኪያ ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሄዳል። በየተወሰነ እርምጃ ይቆምና መለኪያውን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው ያጋድማል። ልክ ከገባ ያልፋል፤ ካልገባ ምልክት አድርጎ፣ ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ ሠራተኛ ይጠራል። የድሮው ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነውና ከዚያ ሲሰፋም ሲጠብም ባቡሩ ይወድቃል። «ሜትር ሜትር ነው» ይል ነበር፣ ሌላ ሰው ቃል ቃል ነው እንደሚለው። ባቡሩ ሲቆም እሱም ጡረታ ወጣና ኮተቤ ቤቱ ገባ። ሁለት ወር በረንዳው ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ወር ሰርቪሷ ውስጥ ጣውላ አስደርድሮ ያንን ሐዲድ ሰማንያ ሰባት ጊዜ አሳንሶ መሥራት ጀመረ።

ከኑዕማን ጋር የተዋወቁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ኢዶሳ የመብራት ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቁ መጥቶ የተበላሸ ቴፕ እንዳለው ጠየቀው፤ ሞተሩ ግን ደህና የሆነ።

«ሞተሩ ደህና ከሆነ ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ዘፈኑ» አለ ኢዶሳ።

ለምን እንደፈለገው ሲነግረው ኑዕማን ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ ተከተለው። እሱም ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ከአጎቱ ጋር ድሬዳዋ ድረስ በባቡር ሄዷል፤ የጎማው ድምፅ ከዚያ ወዲህ ከጆሮው አልወጣም። ሚስቱ ነፍሷን ይማርና እስክትሞት ድረስ በእንቅልፍ ልቡ ጣቱን የሚያንኳኳው የሱቅ ሐሳብ ይዞት ይመስላት ነበር።

እንግዲህ እሑድ እሑድ የሁለቱ ሆነ። ሐዲዱን ከብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ ከሥሩ የሚረበረበውን እንጨት ከአይስክሬም ዘንግ፣ ተራራውን ከእንቁላል ካርቶን ሠሩት። ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ መከራውም የዋዛ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ጣውላው ያብጥና ሐዲዱ ይሰፋል፤ በጋ ሲመጣ ይደርቅና ይጠባል። ሁሉም ነገር ሲስተካከል መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ የመጨረሻው ፉርጎ የኋላ ጎማ አቃቂ ኩርባ ላይ ይወድቃል። ያ ጎማ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ወድቋል፤ ለምን እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም። አቧራ ካለ ባቡሩ ስለማይሄድ፣ ኢዶሳ ሁልጊዜ ከመነሳቱ በፊት በጋቢው ጫፍ ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር ይጠርግ ነበር። ጎረቤት ብቅ ባለ ቁጥር ለልጅ ልጅ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የኢዶሳ ሚስት ሰርክአዲስ ሁለት ሽማግሌ ብይ ይጫወታል እያለች ለሴቶቹ ታወራለች፤ አንድም ቀን ደጃፉን አልፋ ገብታ አታውቅም።

ሲሰለቻቸው አያት ሰፈር ሄደው በከተማው ባቡር እየተሳፈሩ ይመለሱ ነበር፣ የሚሄዱበት ሳይኖራቸው። ኑዕማን ዓይኑን ጨፍኖ ጎማውን ያዳምጣል። ኢዶሳ ግን አልወደደውም። «ይሄ ባቡር አይደለም፤ መንገድ የጠፋበት አውቶቡስ ነው» ይላል።

ለሐዲድ እንዲህ ጥንቁቅ የሆነው ሰው ታዲያ አንድ ትልቅ ውሸት ነበረችበት። ባቡሩ ዞሮ ወደ ለገሃር እንዲመለስ ኩርባውን የሚሸፍን ተራራ አስፈለገና እንጦጦን ሠርቶ በመሃሉ ዋሻ አሳለፈ። ባቡር ደግሞ እንጦጦን ወጥቶም ገብቶበትም አያውቅም። ኑዕማን «ይሄ ዋሻ ራሱ ዋሽቷል» እያለ በየሳምንቱ ይቀልድበታል። ኢዶሳ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «ቀስ፣ ተራራው እንዳይሰማህ» ይለዋል።

በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ዋለ። ኑዕማን ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ድንኳኑ ስለረጠበ ሰዉ ሳሎን ገብቶ ተጠጋግቷል፤ ዕቃ የሚያወጣ አልተገኘምና የሰርቪሷ ጉዳይ ለነገ ተላልፏል። ሰርክአዲስ ፍራሽ ላይ ነበረች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ። ጎንበስ ብሎ ፈጣሪ ያጽናሽ አላት። ቀና ብላ አየችው።

«ስድስት ወር ሙሉ በሩ ክፍት ነበር፣ ኑዕማን» አለች።

እሱ ከወንዶቹ ጋር ሄዶ ተቀመጠ፤ ፌስታሉን በእግሩ መሃል አደረገ። ስለ ሰርቪሷ ሊለምናት ነበር የመጣው። እንዲህ ከተባለ በኋላ በምን ፊቱ ይለምናል?

ፌስታሉ ውስጥ ያለው ነበር ያጣላቸው። የእህቱ ልጅ ነጅማ ዱባይ ትሠራለች። ሁለት ዓመት ሲወተውታት ኖሮ፣ በጥምቀት ሰሞን ፋብሪካ የሠራው ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎ የሚጎትተውን የባቡር ራስ፣ ይዛለት መጣች። ኑዕማን ካርቶኑን ሳይከፍት ኮተቤ ገሰገሰ። አብረው ከፈቱት። መስኮቱ፣ መብራቱ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር፣ ሁሉም ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰ ነበር። ኢዶሳ እንደ ጫጩት በሁለት እጁ አቅፎ ሐዲዱ ላይ አስቀመጠው። አልቀመጥ አለ። አንዱ ጎማ ሐዲዱ ላይ ሲሆን ሌላው ከውጭ ተንጠለጠለ።

ኢዶሳ ማስመሪያ አመጣ። የሱ ሐዲድ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ነው፤ የሎኮሞቲቩ ጎማ አሥራ ስድስት ተኩል። ኑዕማን ለነጅማ የባቡሩን መጠን ነግሯት የሐዲዱን ስፋት ረስቶታል። ሌላ ሰው ቢሆን አይፈረድበትም። ከኢዶሳ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት ሐዲድ ለለካ ሰው ግን፣ ቄስ አርብ ቀን ሥጋ በላ እንደማለት ነው።

ያፈረ ሰው ደግሞ ይቆጣል። ኑዕማን ሐዲዱን እናስፋው አለ። ኢዶሳ፣ ሰፊው የአዲሱ ባቡር ነው፣ የኛ ሜትር ነው፣ ሜትር ሜትር ነው አለ። አንዱ እንዲህ ሲል ሌላው እንዲያ ሲል፣ ኑዕማንን ቃል አመለጠው።

«ሐዲድህም ጠባብ፣ አንተም ጠባብ!»

ማለት የፈለገው ግትር ነህ ነበር። በአላህ ስም ይምላል። ግን ጠባብ የሚለው ቃል በዚህ ከተማ የልክ ስም ብቻ አይደለም። እንደ ኢዶሳ ያለ ስም ባላቸው ሰዎች ላይ በየስብሰባው ሲወረወር የኖረ ቃል ነው፤ ሰው ከሥራው ተነቅሎበታል። ኢዶሳም አንድ ጊዜ በጎልማሳነቱ፣ ሰው በተሰበሰበበት ተብሏል። ያንን የነገረው ደግሞ ለኑዕማን ብቻ ነው፣ ከአያት ሲመለሱ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ። ኑዕማን ይህ ትዝ ያለው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ኢዶሳ አልጮኸም። ሎኮሞቲቩን አንስቶ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው፤ በሲባጎ አስሮ ሰጠው።

«ቤቱ ጠባብ ነው፤ አይበቃውም» አለው።

እልህ ምላጭ ያስውጣል። ኑዕማን በማግስቱ ልሂድ አለ፤ አልሄደም። ይጥራኝ እንጂ አለ። በሚያዝያ የኢዶሳ ልጅ ሶሬቲ ሱቁ መጥታ ለብየዳ የሚሆን ስታኞ ገዛች። ግን ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ አባትሽ እንዴት ነው እንኳ አላላትም። በሰኔም መጣች፤ በሰኔም ዝም አለ። እሷ ትንሽ ቆም ብላ ጠበቀችው፣ ከዚያ ጋሼ ደህና ይዋሉ ብላ ሄደች። ያ ቆም ማለቷ አሁን ሳሎኑ ውስጥ ትዝ አለው።

ሠልስት ዕለት ፀሐይ ወጣች። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳ እንደቀመሰ፣ ቶሌሳ ሦስት ጎረምሶች አስከትሎ ወደ ጓሮ ዞረ። ኑዕማን ፌስታሉን ይዞ ተነሳና ቀድሟቸው ደጃፉ ላይ ቆመ። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መንገድ ዘግቶ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ቶሌሳ፣ አንድ ጊዜ ልየው። ከዚያ የምታደርጉትን አድርጉ» አለው።

«ጋሼ፣ እህቶቼ መንገድ ላይ ናቸው። አልጋ መግባት አለበት። ይሄ እኮ...» ቶሌሳ የሟች ወንድሙን ነገር ማጣጣል አልፈለገም። «ይሄ እኮ ያው መጫወቻ ነው።»

«መጫወቻ ነው» አለ ኑዕማን። «የኛ መጫወቻ ነው።»

ሶሬቲ ከኋላ መጥታ በአጎቷ በኩል አለፈችና ቁልፉን ከፈተች። የገባው ብርሃን ለገሃር ላይ አረፈ። ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው፤ ጣቢያው፣ አቃቂ፣ የማይረባው ፉርጎ። ኑዕማን መጀመሪያ ምንም የተለየ ነገር አላየም። ከዚያ ጎንበስ አለ። መነጽሩን አውጥቶ እንደገና ጎንበስ አለ።

ሐዲዱ ሦስት ነበር።

ከሁለቱ አሮጌ ሽቦዎች ውጭ፣ አራት ሚሊሜትር ተኩል ራቅ ብሎ፣ አዲስ ሽቦ ተዘርግቷል። አሮጌዎቹ አልተነኩም። ጠባቡ ባቡር እንደ ድሮው በሁለቱ ይሄዳል፤ ሰፊው ደግሞ አንዱን ሐዲድ ከጠባቡ ጋር ይጋራና ሌላውን ጎማ በአዲሱ ላይ ያደርጋል። አዲሱ ሽቦ በየሁለት ጣቱ ብየዳ አለው፣ እንደ ስንዴ ፍሬ የጠራ። ከለገሃር ተነስቶ አቃቂን ዞሮ፣ ሜዳውን አልፎ፣ እንጦጦ ሥር ገብቶ ወጥቷል። ከዋሻው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ወጣ ብሎ ቆመ። ከዚያ እስከ ለገሃር ድረስ ጣት የማይሞላ ክፍተት ቀርቷል። የምትሞላው ቁራጭ ሽቦ ተቆርጣ፣ ጫፍና ጫፏ ተሞርዶ፣ ከደብተሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

ደብተሩን ሶሬቲ አነሳችለት። ኢዶሳ ሥራ ላይ ሳለ እንደሚጽፈው ነበር የጻፈው፤ ቀን፣ ቦታ፣ የታየ ነገር። ኑዕማን ድምፁን ሳያሰማ አነበበ።

ጥር 28። ለሰፊው ሦስተኛ ሐዲድ ተጀመረ።

መጋቢት 9። ለሰፊው አቃቂ ኩርባ አለፈ።

ሚያዝያ 20። ስታኞ አለቀ። ሶሬቲ ሾላ ተላከች። ምንም አላለም አለች።

ሰኔ 14። ሾላ ተላከች። ምንም አላለም።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ። ዋሻው አለቀ። አንድ ቁራጭ ቀረች። ነገ።

«ኮተቤ ስታኞ ሞልቷል እኮ» አለች ሶሬቲ ቀስ ብላ። «ከታች ሁለት ሱቅ አለ። ጋሽ ኑዕማን ጋ ነው የሚገዛው እያለ ነበር የሚልከኝ። ስመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ስታኞው አልነበረም።»

ኑዕማን ጣውላውን በሁለት እጁ ያዘ። በቀብሩ ዕለት አላለቀሰም፤ ትላንትም አላለቀሰም፤ ደረቅ ሰው ነው ብለው የታዘቡት ነበሩ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። አሁን መነጽሩ ሥር መጣ፣ አልጠረገውም። ስድስት ወር ሙሉ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ነበር። ልዩነታቸው ግን ኢዶሳ እየጠበቀ መሥራቱ ነው።

ደጃፉ ላይ የቆሙት ገለል ሲሉ ሰማ። ሰርክአዲስ ነበረች። ከፍራሿ ተነስታ በሠልስት መሃል ወደ ጓሮ መምጣቷ ሴቶቹን አስደንግጧቸው ሁለቱ ተከትለዋታል። አሥራ ስድስት ዓመት ያላለፈችውን ደፍ አልፋ ገባች።

«ሰፊው ይመጣል፣ ሰፊው ይመጣል ይለኝ ነበር» አለች። «ልጥራው ወይ ስለው፣ ሳልጨርስ አይሆንም፣ መጥቶ ቢወድቅበትስ ይላል። እኔ ስለ ባቡሩ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።»

ኑዕማን ፌስታሉን ፈታ፣ ሲባጎውን ፈታ። ኢዶሳ ያሰረው ቋጠሮ ነበር፤ ስድስት ወር ሳይነካው ኖሯል። ሎኮሞቲቩን አውጥቶ ሊያስቀምጠው ሲል ሰርክአዲስ እጁን ያዘችው።

«አቧራ አለው» አለች። «በምን ነበር የሚጠርገው?»

«በጋቢው ጫፍ።»

የዘቀዘቀችውን ነጠላ ከትከሻዋ ሳበች። ጫፏን በጣቷ ላይ ጠቅልላ ከለገሃር ጀመረች። ሦስቱንም ሐዲድ አቃቂ ድረስ፣ ከአቃቂ ሜዳው ድረስ እየጠረገች ሄደች፤ ዋሻው ጋ ስትደርስ ክንዷን እስከ ክርኗ ከተተች። ነጭ ነጠላዋ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። ቶሌሳ ይህን ሲያይ ቆየና ወደ ጎረምሶቹ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«አልጋውን ጎረቤት ወደ እነ ውዴ ቤት አዙሩት። ይበቃናል።»

ኑዕማን ሎኮሞቲቩን ዋሻው አፍ ላይ አስቀመጠው። በልኩ ተቀመጠለት። ጎማው ጠቅ ሲል ሁሉም ሰሙት። ኢዶሳ የሞረዳትን ቁራጭ ከጣውላው ላይ አንስቶ ክፍተቱ ውስጥ ገጠማት፤ ልኳ ነበረች። ግን አልተበየደችምና በሌባ ጣቱና በአውራ ጣቱ ከጎን ደግፎ ያዛት።

«ግፊው» አላት።

ሰርክአዲስ በአንድ ጣቷ ገፋችው። ሎኮሞቲቩ ቀስ ብሎ ከዋሻው ሥር ተነስቶ የስንዝሯን ሐዲድ ሄደ፣ ቁራጯ ላይም ወጣ። ኑዕማን የመጀመሪያው ጎማ ሲያልፍ በጣቶቹ መሃል ሲነዝረው ተሰማው፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። የመጨረሻው አልፎ ለገሃር ከገባ በኋላም ጣቶቹን አላነሳም።